ኬፕሮብ ዝም ሲል ምን ማለቱ ነው?

ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ሲወረድ ካሉት ፎቆች በአንዱ ምድር ቤት ውስጥ የተቀመጠ የዳታቤዝ ሰርቨር አስቡ። ካሸሯ «ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ ሲስተሙ ለጥቂት ሴኮንድ ቀጥ ይልና ይመለሳል» ትላለች። ፕሮሰሰሩ ሥራ አልበዛበትም፣ ሜሞሪው አልሞላም፣ የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ሎግ ውስጥ አንድም የስህተት መስመር የለም። ወረፋው በር ድረስ ስለሆነ ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ አይታሰብም፤ ከርነሉን እንደገና ኮምፓይል ማድረግማ ጭራሽ። ኬፕሮብ የተሠራው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። እየሠራ ባለ ከርነል ውስጥ የመረጣችሁት ፋንክሽን በር ላይ ይቆምና ማን እንደገባ፣ ምን ይዞ እንደገባ፣ ምን ይዞ እንደወጣ ይነግራችኋል። ስትጨርሱ ይነሳል፤ ከርነሉም እንደነበረው ይሆናል።

ማስቀመጡ የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ አያሳስብም። ሰው የሚሳሳተው ፕሮቡ ምንም ሳያወጣ ሲቀር ነው። «ምንም አልታየም፤ ስለዚህ ፋንክሽኑ አልተጠራም» ይባልና ጥርጣሬው ወደ ኔትወርኩ ወይም ወደ አፕሊኬሽኑ ይዞራል። ከዚያ ሁለት ቀን በከንቱ ይሄዳል። ዝምታ ብዙ ትርጉም አለው፤ «አልተጠራም» ከእነዚያ አንዱ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ መለየት ደግሞ ይቻላል፤ ከርነሉ ራሱ ቁጥሩን ይዞ ይጠብቃችኋል።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ የከርነል ስሞችን ሲነበቡ እንደሚሰሙት ጽፌያቸዋለሁ። በስም መካከል ሰረዝ ባያችሁ ቁጥር ኪቦርድ ላይ አንደርስኮር ነው።

ከበሩ ስር ምን ይደረጋል

ኬፕሮብ ወደ ሊኑክስ የገባው በ2.6.9 ነው፤ በፈረንጆቹ 2004፣ በእኛ ጥቅምት 1997። መነሻው አይቢኤም ውስጥ የተሠራው ዲፕሮብስ ነበር። በኤክስ86 ፕሮሰሰር ላይ ከርነሉ የመረጣችሁትን ትእዛዝ ቅጂ ለብቻው ያስቀምጥና በመጀመሪያው ባይት ቦታ ኢንት3 የሚባለውን ትእዛዝ ይጽፋል፤ አንድ ባይት ነው፣ ዋጋው 204። ፕሮሰሰሩ እዚያ ሲደርስ ይቋረጣል፣ የምዝገባው ኮድ ይሮጣል፣ ዋናው ትእዛዝ ከተቀመጠው ቅጂ ላይ ይፈጸማል፣ ጉዞው ይቀጥላል።

በየጥሪው መቋረጥ ዋጋ ስላለው፣ ከርነሉ ሲመቸው ኢንት3ን በ5 ባይት ዝላይ ይተካዋል። ፕሮቡ በፋንክሽኑ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ደግሞ ኤፍትሬስ የሚባለው የከርነሉ መከታተያ አስቀድሞ ያዘጋጀውን የ5 ባይት ባዶ ቦታ ይጠቀማል። የትኛው መንገድ እንደተመረጠ /ሲስ/ከርነል/ዲበግ/ኬፕሮብስ/ሊስት የሚባለውን ፋይል ስታነቡ ከስሙ ጎን «ኤፍትሬስ» ወይም «ኦፕቲማይዝድ» ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሁለቱም ከሌሉ በየጥሪው ሙሉውን የመቋረጥ ዋጋ እየከፈላችሁ ነው ማለት ነው።

የመመለሻ ፕሮብ የሚሠራው በሌላ ዘዴ ነው። በመግቢያው ላይ የመመለሻ አድራሻውን ከስታክ ላይ ያነሳና የራሱን ይተካበታል። እውነተኛውን አድራሻ የሚይዝበት መዝገብ ያስፈልገዋል፤ ገብቶ ገና ላልወጣ ለእያንዳንዱ ጥሪ አንድ አንድ። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ ወደኋላ እንመለስባታለን።

የትኛው በር?

ዳታቤዝ «መዝግቤያለሁ» ለማለት ዲስኩ እስኪያረጋግጥለት ይጠብቃል፤ ጥበቃው ኤፍሲንክ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥርጣሬ እዚያ ላይ ቢወድቅ አይገርምም። ግን ስሙ ቀጥታ ወደ አእምሮ የሚመጣውን ቪኤፍኤስ-ኤፍሲንክን አትምረጡ። ከሚጠራው ፋንክሽን ጋር አንድ የሶርስ ፋይል ውስጥ ስለሆነ ኮምፓይለሩ ኢንላይን ሊያደርገው ይችላል፤ ማለትም አካሉን ገልብጦ ጠሪው ውስጥ ይከተዋል። ከውጭ ለሚጠሩት ሲል ሌላ ቅጂ በስሙ ያስቀራል። ስሙ በዝርዝሩ ላይ አለ፣ ከርነሉ ፕሮቡን ያለ ተቃውሞ ይቀበላል፣ የእናንተ ጥሪ ግን በዚያ በር አያልፍም።

እኔ የምመርጠው በፖይንተር የሚጠሩትን ነው። የፋይል ሲስተሞች ፋንክሽኖቻቸውን በሠንጠረዥ ያስመዘግባሉ፤ ከርነሉም በሠንጠረዡ አድራሻ ይጠራቸዋል። ኮምፓይለሩ የትኛው እንደሚጠራ አስቀድሞ ስለማያውቅ ገልብጦ ሊከታቸው አይችልም። ዲስኩ ኤክስት4 ከሆነ ኤክስት4-ሲንክ-ፋይል፣ ኤክስኤፍኤስ ከሆነ ኤክስኤፍኤስ-ፋይል-ኤፍሲንክ። ሁለተኛው አስተማማኝ ዓይነት ጠሪውና ተጠሪው በተለያየ የሶርስ ፋይል ውስጥ ያሉበት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሩት ሆናችሁ /ሲስ/ከርነል/ትሬሲንግ ውስጥ ግቡ፤ አሮጌ ሲስተም ላይ በዲበግ ፎልደር ስር ነው የሚገኘው። ኬፕሮብ-ኢቨንትስ ወደሚባለው ፋይል እነዚህን ሁለት መስመሮች አንድ በአንድ በኤኮ ጨምሩ፦

ፒ:መግቢያ ኤክስት4-ሲንክ-ፋይል ዳታ=%ሲኤክስ:ኤስ32

አር:መውጫ ኤክስት4-ሲንክ-ፋይል ውጤት=$ሬትቫል:ኤስ32

የፕሮቡን ስም የምታወጡት እናንተ ናችሁ፤ ከርነሉ የሚቀበለው ግን የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና አንደርስኮር ብቻ ነው። ስትጽፉ ሁለቱን የማዛወሪያ ቀስቶች ተጠቀሙ። በአንዱ ብቻ ከጻፋችሁ ፋይሉ ከባዶ ስለሚጀምር የሌላ ባልደረባ ፕሮብ እዚያ ካለ አብሮ ይጠፋል።

ሲኤክስ የፕሮሰሰሩ ሬጅስተር (ትንሽ ማስቀመጫ) ነው፤ ለፋንክሽኑ የተሰጠውን አራተኛ አርጉመንት፣ ማለትም ግብአት፣ ይይዛል። ኤስ32 ምልክት ያለው የ32 ቢት ቁጥር ማለት ነው። የሬጅስተሮቹ ቅደም ተከተሉ ዲአይ፣ ኤስአይ፣ ዲኤክስ፣ ሲኤክስ፣ አር8፣ አር9። ከርነል 4.20 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ላይ $አርግ4 ብትሉ ይበቃል፤ ከርነሉ አዲስ ከሆነ አርም ሰርቨር ላይም ያው ይሠራል። ከዚያ ኢቨንትስ ስር ኬፕሮብስ የሚለው ፎልደር ውስጥ በየስማቸው ኢኔብል የሚለው ፋይል ላይ 1 ጻፉ። ከርነሉ መስመሩን ካልተቀበለ ኤረር-ሎግ የሚለውን ፋይል ክፈቱ፤ የተሳሳተው ቦታ ላይ ምልክት አድርጎ ያሳያችኋል።

አንድ ጥንድ መስመር በቅርበት

ትሬስ የሚለውን ፋይል ስታነቡ የሚመጣው፣ ጥቂት ምልክቶችን ብናስቀር፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው፦

ፖስትግሬስ-2217 [003] 8412.330917: መግቢያ: (ኤክስት4-ሲንክ-ፋይል+0) ዳታ=1

ፖስትግሬስ-2217 [005] 8412.398204: መውጫ: (ዱ-ኤፍሲንክ ← ኤክስት4-ሲንክ-ፋይል) ውጤት=0

2217 የፕሮሰሱ ቁጥር ነው፤ መግቢያና መውጫውን የምታዛምዱት በእሱ ነው። በቅንፍ ያለው ቁጥር የፕሮሰሰር ኮር ነው። በ3 ገብቶ በ5 መውጣቱ አያስደንግጣችሁ፤ ዲስኩን እየጠበቀ ተኝቶ ነበር፣ ሲነቃ ያገኘው ሌላ ኮር ነው። ዳታ=1 ማለት የተጠራው ኤፍዳታሲንክ (የኤፍሲንክ ቀለል ያለ ዓይነት) ነው፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ሊኑክስ ላይ በነባሪ የሚጠቀመው እሱን ነው። ቀስቱ ወደ ማን እንደተመለሰ ያሳያል። እዚህ ላይ መካከለኛው ቪኤፍኤስ-ኤፍሲንክ-ሬንጅ የተዘለለ ይመስላል። የመጨረሻ ሥራው ሌላውን መጥራት ብቻ ስለሆነ ኮምፓይለሩ ጥሪውን ወደ ዝላይ ለውጦታል፤ ተመላሹም በቀጥታ ወደ ላይኛው ጠሪ ሄዷል። ውጤት=0 ማለት ስህተት የለም። ‑5 ቢሆን የዲስክ ስህተት፣ ‑28 ቢሆን ቦታ አልቋል ማለት ነበር።

በመካከላቸው ያለው ልዩነት 67 ሚሊሴኮንድ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሴኮንድ ይወስዳል፤ ስለዚህ ይህ ስምንት ዙር ያህል ነው። የሬይድ ካርዱ (ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ካርድ) ባትሪ ደህና ሆኖ ጽሑፉን በራሱ ካሽ የሚቀበል ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል መጠበቅ አይገባም ነበር። በከተማችን ይህ በደንብ መታወቅ አለበት። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ዘግይቶ ሲነሳ የካርዱ ባትሪ ይደክማል። ካርዱ ባትሪው እስኪሞላ ወይም እስኪቀየር ድረስ ካሹን ትቶ እያንዳንዱን ጽሑፍ ቀጥታ ወደ ዲስክ ይልካል። ሊኑክስ ይህን እንደ ስህተት አያየውም፤ ሎጉ ንጹሕ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ የካርዱን ሁኔታ በራሱ ማኔጅመንት ፕሮግራም መጠየቅ ነው።

ዝምታውን መለየት

ትሬሱ ባዶ ከሆነ መጀመሪያ የሚከፈተው ኬፕሮብ-ፕሮፋይል የሚባለው ፋይል ነው። ሦስት ዓምድ አለው፦ የፕሮቡ ስም፣ ስንት ጊዜ እንደተነካ፣ ስንት ጊዜ እንዳመለጠው። እዚህ ያሉት ሁለት ቁጥሮች የዝምታውን ዓይነት ይከፍሉላችኋል።

ሁለተኛው ዓምድ ከዜሮ በላይ ሆኖ ትሬሱ ባዶ ከሆነ፣ ፕሮቡ ሥራውን ሠርቷል፤ መረጃው የጠፋው ከእሱ በኋላ ነው። ቁጥሩ የሚያድገው ከፊልተሩ በፊት ስለሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፊልተሩ ነው፤ የትኛው መስመር ይመዝገብ ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ቅድመ ሁኔታ ማለት ነው። ኤስ32 የሚለውን ዓይነት ረስታችሁ «ውጤት < 0» ብላችሁ ከሆነ፣ ከርነሉ ‑5ን ምልክት እንደሌለው ቁጥር ያነበዋል፤ 4294967291 ይሆናል፣ ከዜሮ በታችም መቼም አይሆንም። ስህተቶቹ ሁሉ በፊታችሁ እያለፉ አንዱንም አታዩም። ቀጥሎ ትሬሲንግ-ኦን የሚለው ፋይል 1 መሆኑን እዩ። ሌላ ሰው ትሬስ-ፓይፕን ከፍቶ እያነበበ እንዳይሆንም አጣሩ፤ ያኛው ያነበበውን ከባፈሩ ያወጣዋል።

ባፈሩ ራሱም ትንሽ ነው፤ በነባሪ ለአንድ ኮር 1408 ኪሎባይት። ሲሞላ አሮጌው በአዲስ ይተካል። የስምንት ሰዓቱን ችግር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልታነቡ ስትመጡ ያለው የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ሊሆን ይችላል። ፐር-ሲፒዩ ስር በየኮሩ ስታትስ የሚለው ፋይል ውስጥ ኦቨርራን የሚለው ቁጥር ይህን ይናገራል። ባፈር-ሳይዝ-ኬቢ ላይ 10240 ከጻፋችሁ በስምንት ኮር 80 ሜጋባይት ነው የሚወስደው፤ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ አይደለም።

ሦስተኛው ዓምድ ካደገ አምልጧል። እዚህ ላይ ያቺ መዝገብ ትመጣለች። የመመለሻ ፕሮብ በነባሪ የሚያዘጋጃቸው መዝገቦች 10 ወይም የኮሮቹ ቁጥር እጥፍ ናቸው፤ ከሁለቱ የበለጠው ይወሰዳል። ስምንት ኮር ካለ 16 መሆኑ ነው። 40 የዳታቤዝ ፕሮሰሶች በአንድ ጊዜ ዲስኩን እየጠበቁ ከተኙ 24ቱ መዝገብ አያገኙም፣ መውጫቸውም አይመዘገብም። ክፋቱ፣ የሚያመልጡት መጨናነቁ የበረታባቸው ቅጽበቶች ናቸው፤ ማለትም የምትፈልጓቸው ራሳቸው። አሮጌ ከርነሎች ላይ ደግሞ ይህ ኪሳራ በዓምዱ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ የመግቢያውንና የመውጫውን ድምር ሁልጊዜ አነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ «አር» የሚለውን «አር100» ብላችሁ ፕሮቡን እንደገና ጻፉ። ጣሪያው 4096 ነው።

ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ፣ በዚያ ስም በኩል ማንም አላለፈም። ይህ አሁንም «ሥራው አልተሠራም» ማለት አይደለም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ እናንተው ጥሩት። ሲንክ የሚለውን ትእዛዝ በዚያው ዲስክ ላይ ካለ የአንድ ፋይል ስም ጋር ብትሰጡት ኤፍሲንክ ይጠራል። ያን አድርጋችሁ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ በሩ የተሳሳተ ነው። ያለዚህ ሙከራ ስለ ዝምታ የሚሰጥ ማንኛውንም መልስ እኔ አልቀበልም።

በሩ የሚሳሳትባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ኢንላይንን አይተናል። ኮምፓይለሩ አንዳንዴ ፋንክሽኑን ቆርጦ ወይም አርጉመንት ቀንሶ ከስሙ ኋላ ነጥብ አድርጎ አይስራ፣ ኮንስትፕሮፕ ወይም ፓርት የሚል ቅጥያ ይጨምርበታል። ፕሮክ ስር ያለውን የከርነል ስሞች ዝርዝር፣ ካልሲምስን፣ በግሬፕ ስትፈልጉ ትክክለኛውን ስም ብቻ ሳይሆን በእሱ የሚጀምሩትን ሁሉ እዩ። አርጉመንቱ የተቀነሰበት ቅጂ ላይ ሬጅስተሮቹ የሶርስ ኮዱን ቅደም ተከተል ላይከተሉ ይችላሉ። ሁለት የተለያዩ ስታቲክ ፋንክሽኖች አንድ ስም ሲጋሩም ችግር አለ፦ አዳዲስ ከርነሎች ስሙ አሻሚ ነው ብለው ፕሮቡን አይቀበሉም፤ ቀደም ያሉት ግን በመጀመሪያው ላይ ያስቀምጡና ዝም ይላሉ።

ከአሮጌ መመሪያ የተቀዳ ስምም ሰው ያሳስታል። ፋይል መክፈትን ለማየት ዱ-ሲስ-ኦፕን ላይ ፕሮብ አድርጉ የሚል ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይዞራል። በፈረንጆቹ 2020 በወጣው 5.6 ግን ሥራው ወደ ዱ-ሲስ-ኦፕንአት2 ተዛውሯል። የሲስተም ኮሎቹን በር ራሱን የሚመርጡም አሉ፤ በኤክስ86 ከ4.17 ወዲህ እነዚያ ፋንክሽኖች የሚቀበሉት አንድ አርጉመንት ብቻ ነው፣ እሱም ሬጅስተሮቹ ሁሉ የተቀመጡበት አድራሻ። ስለዚህ ኦፕንአት ላይ ኤስአይን ብታነቡ የፋይሉ ስም አይደለም። ስሙ ዲአይ ከሚያመለክተው ቦታ 104 ባይት ገባ ብሎ ነው አድራሻው ያለው።

እሱም ሆኖ አንዳንድ መስመር ላይ ስሙ በሚገኝበት ቦታ «ፎልት» የሚል ቃል ብቻ ይመጣል። ፕሮቡ የተጠቃሚውን ሜሞሪ ሲያነብ ገጹ ገና ካልገባ እንዲገባ መጠየቅ አይፈቀድለትም። እዚህ ላይ የምመክረው አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ዱ-ፊልፕ-ኦፕን ላይ ማስቀመጥ ነው። እዚያ ሲደረስ ስሙ ወደ ከርነል ሜሞሪ ተገልብጦ አልቋል፤ የሁለተኛው አርጉመንት የመጀመሪያ ፊልድ የስሙ አድራሻ ነው፣ +0(+0(%ኤስአይ)):ስትሪንግ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። ሶርሱ ከጠሪው በተለየ ፋይል ስለሆነም ኢንላይን አያሰጋም።

ጨርሶ ፕሮብ የማይደረግባቸውም አሉ፤ የኬፕሮብ የራሱ ኮድና የመቋረጥ መግቢያዎች ለምሳሌ። ዝርዝራቸው በዲበግ ፎልደር ውስጥ ብላክሊስት በሚል ስም አለ። ሲስተሙ ከርነሉን ከሩትም የሚጠብቀው ሎክዳውን ኮንፊደንሺያሊቲ ደረጃ ላይ ከሆነ ደግሞ ሩትም ብትሆኑ አይፈቀድም።

ስምንት ሰዓት የቱ ስምንት ሰዓት ነው?

የካሸሯ ስምንት ሰዓት ከሃያ በሰርቨሩ ሰዓት 14:20 ነው፤ ሎጉ በዩቲሲ የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ 11:20። ትሬሱ ላይ ያለው ቁጥር ከሁሉም ይለያል፤ ሰርቨሩ ከተነሳ ወዲህ ያለፈ ሴኮንድ ነው። ሦስቱን በጭንቅላት ከማስላት፣ ካሸሯ ስትደውል ትሬስ-ማርከር የሚባለው ፋይል ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ ጣሉ፤ ከፕሮቡ መስመሮች መካከል በራሱ ሴኮንድ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ወደ ላይ ጥቂት መስመር መውጣት ብቻ ነው። ሰዓቱን ለመቀየር ትሬስ-ክሎክን መንካት ካስፈለገ ከመጀመራችሁ በፊት አድርጉት፤ መቀየሩ ባፈሩን ያጸዳዋል።

ጥንድ ማዛመዱ በእጅ ከከበደ ቢፒኤፍትሬስ የሚባለው መሣሪያ በዚያው ፋንክሽን ላይ መግቢያውን በትሬድ ቁጥር ይዞ በመውጫው ይቀንስና ጊዜውን በሂስቶግራም ያወጣል። ያው ኬፕሮብ ነው ከስሩ ያለው፤ ስለዚህ ከላይ ያሉት ዝምታዎች ሁሉ እዚያም አሉ፣ ብቻ በሂስቶግራም ሲሸፈኑ ለማየት ይከብዳሉ። እኔ መጀመሪያ ጥሬውን መስመር አይቼ፣ በሩ ትክክል መሆኑን አረጋግጬ፣ ከዚያ ነው ወደ እሱ የምሄደው።

ሲነሳ

በሴኮንድ መቶ ሺዎች ጊዜ የሚጠሩ ፋንክሽኖች ላይ፣ ለምሳሌ ሎክ የሚይዙትና ሜሞሪ የሚሰጡት ላይ፣ በሥራ ሰዓት ፕሮብ አታድርጉ፤ መለኪያው ራሱ የሚለካውን ይቀይረዋል። ኤፍሲንክ ከዚህ ጋር ሲተያይ በጣም ጥቂት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢቆይ አይሰማም።

ስትጨርሱ ኢኔብል ላይ 0 ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ኬፕሮብ-ኢቨንትስ «-:መግቢያ» እና «-:መውጫ» የሚሉትን በሁለት ቀስት ላኩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ «ዲቫይስ ቢዚ» የሚል መልስ ይመጣል። 0 ጽፋችሁም ያው መልስ ከቀጠለ፣ ፐርፍ የሚባለው የመለኪያ መሣሪያ ወይም ሌላ የትሬስ ኢንስታንስ ያንኑ ኢቨንት ይዞታል፤ ኢንስታንስስ የሚለውን ፎልደር ውስጡን እዩ። በመጨረሻ የኬፕሮብስን ሊስት ፋይል ክፈቱ። የእናንተ መስመሮች እዚያ ከሌሉ ኢንት3ውም ዝላዩም ተነስቷል፣ የቀድሞው ባይት ወደ ቦታው ተመልሷል። ባፈር-ሳይዝ-ኬቢንም ወደ 1408 መልሱት፤ 80 ሜጋባይቱን ዳታቤዙ ይፈልገዋል።